ሲም አንድ የተዘጋበት ሐሙስ

በትምህርት ቤታችን ስልክ ሊገዛ ያሰበ መምህር ሁሉ መጀመሪያ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። ፊዚክስ ስለማስተምር በሽቦ የሚሠራ ነገር ሁሉ የተገለጠልኝ ይመስላቸዋል። ደወሉ ሲበላሽ እኔ፣ የርእሰ መምህሩ ፕሪንተር ወረቀት ሲጎርስ እኔ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አዲስ የተመደበችው የባዮሎጂ መምህርት ሻይዋን ይዛ ማረፊያ ክፍል ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠችና «ቲቸር፣ ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» አለችኝ።

«ግዢ» አልኳትና እንዴት እንደሚሠራ አስረዳኋት። ሁለት ሲም ይይዛል ማለት ሁለት ስልክ ነው ማለት አይደለም። ሁለቱ ሲሞች የሚጠቀሙት አብዛኛውን ጊዜ አንድ መቀበያ ነው። ማንም በማያወራበት ሰዓት ስልኩ አንዴ አንደኛውን መስመር፣ አንዴ ሁለተኛውን እያፈራረቀ ያዳምጣል፤ ፈጣን ስለሆነ ሁለቱም ክፍት ሆነው ይቆዩልናል። በአንዱ ማውራት ሲጀመር ግን መቀበያው ጠቅልሎ ወደዚያ ይሄዳል፤ ሌላው መስመር ወሬው እስኪያልቅ ይዘጋል። በተዘጋው በኩል የሚደውል ሰው «ለጊዜው ማግኘት አይቻልም» የምትለዋን ሴትዮ ይሰማል። እያወሩም ቢሆን ሁለቱንም ክፍት የሚያደርጉ ስልኮች አሉ፣ ግን በመምህር ደመወዝ የሚሞከሩ አይደሉም። ሜሞሪ ካርድ የምትፈልጊ ከሆነ ደግሞ ማስገቢያውን ሳታዪ እንዳትከፍዪ፤ አንዳንዱ ላይ ሜሞሪውና ሁለተኛው ሲም የሚገቡት አንድ ቦታ ላይ ነው፣ አልኳት።

አመሰገነችኝ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጥኳቸውን ሁለት ስልኮች አየት አድርጋ «የእርስዎ ስማርት ስልክ ሁለት ሲም ይይዛል አይደል? ታዲያ ያችን ትንሿን ለምን ይዘው ይዞራሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሌሎቹ መምህራን ሳቁ። የእኔ ሁለት ስልክ የማረፊያ ክፍሉ መቀለጃ ከሆነ ቆይቷል፤ አንዱ ውሽማ ይዞ ነው ይላል፣ ሌላው እርጅና ነው ይላል። «ልማድ ነው» አልኳትና ጠመኔዬን አንስቼ ወጣሁ። ክፍለ ጊዜዬ ገና ነበር።

ልማድ አይደለም። ለእሷ ያልነገርኳትን ነው እዚህ የምጽፈው።

እህቴ የቤታችን የመጨረሻ ልጅ ናት፤ በእኔና በእሷ መካከል አሥራ ስምንት ዓመት አለ። ሰባተኛ ክፍል ስትደርስ እናቴ ከጨፋ ሮቢት አጠገብ ካለው መንደራችን ወደ ከሚሴ ላከቻትና እኔ ዘንድ ተቀምጣ ተማረች። በመጣችበት ሳምንት ያስጠናኋት የመጀመሪያ ነገር የስልክ ቁጥሬን ነው። ከአዲስ አበባ ደሴ የሚበረው መኪና ለሰው አይቆምም፣ ባጃጁ ከየት እንደሚወጣ አይታወቅም፤ ከጠፋች ላገኘችው ሰው ቁጥሩን ተናግራ እንድታስደውል ብዬ ነበር። በአማርኛ ስነግራት አልያዝ አላት። በኦሮምኛ አድርጋ ስታዜመው ግን በአንድ ቀን ጨረሰችው። ቁጥሩ የሚያልቀው በሁለት ሦስቶች ነው፤ እሷ መጨረሻው ላይ ስትደርስ «ሰዲ፣ ሰዲ» ብላ ሁለቴ ታጨበጭባለች። ዕቃ ስታጥብም፣ ቤት ስትጠርግም ያው ነው። አንዳንዴ ይሰለቸኝና «በቃሽ» ብዬ እቆጣት ነበር።

ቁጡ ሰው ነኝ፤ ይህን የሚያውቅ ያውቀዋል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቷ የመጣ ቀን «ስድስት ዓመት ያበላሁሽ ለዚህ ነው?» አልኳት። ሳህኑን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች። በሁለተኛው ወር የሮቢት ገበያ ቀን እናቴን ልጠይቅ ብላ ከቤት ወጣች፤ እናቴ ዘንድ ግን አልደረሰችም። ከክፍሏ ልጆች ጋር በአፋር በኩል አድርጋ ወደ ባሕሩ ሄዳ ኖሯል። በእኔ ንግግር ነው የሄደችው አልልም፤ ከእሷ ጋር ከተፈተኑት ሴቶች ስንቶቹ ወንድም ሳይቆጣቸውም በዚያው መንገድ ሄደዋል። ግን ተናግሬያለሁ፤ ከአፌ የሰማችው የመጨረሻው ረጅም ዓረፍተ ነገርም እሱ ነው።

ሁለት ጊዜ ደወለች። መጀመሪያ ከባሕሩ ወዲህ፣ በሰው ስልክ፤ ነፋሱ ድምጿን እየወሰደው ግማሹን አልሰማሁትም። ሁለተኛው ከባሕሩ ማዶ ነው። ደላሎቹ ስልኳን፣ መታወቂያዋን፣ ቁጥሮች የጻፈችበትን ወረቀት ሁሉ እንደወሰዱባት ነገረችኝ። «ያንተ ቁጥር ብቻ ነው በጭንቅላቴ ያለው። እንዳትቀይረው። እሺ በለኝ» አለች። እሺ አልኳት። የአንዷ ጓደኛዋ ቤተሰቦች ቁጥር ሳይሞላ ከርሞ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ፣ ልጅቱ ስትደውል የማታውቀው ሰው እንዳነሳባትም ነገረችኝ። ይህን ስትነግረኝ አለቀሰች። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ዝም።

በእነዚያ ሁለት ዓመታት የእናቴ ሃይማኖት ሁለት ሆነ ብል አጋነንክ አትበሉኝ፤ አንዱ ሰላቷ ነው፣ አንዱ የእኔ ስልክ ቁጥር። የንጋቱን ሰላት፣ ሱብሒን፣ ሰግዳ እንደጨረሰች ከመስገጃዋ ሳትነሳ በትንሿ ስልኳ ወደ እኔ ትደውላለች። አንዴ ሲጠራ ትዘጋዋለች። ሚስኮል ነው፤ ማንሳት የለብኝም፣ መልሼ መደወልም የለብኝም። የምትፈልገው መጥራቱን ማወቅ ብቻ ነው። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን ስልክ ሲጠራ በሩ ክፍት ነው፣ ሴትዮዋ ስትናገር በሩ ተዘግቷል የሚለውን ከማንም በላይ ታውቃለች።

ሁለተኛ ሲም ለምን አስፈለገህ ትሉኝ ይሆናል። ትምህርት ቤቱ ማስታወቂያውን፣ የፈተና ፕሮግራሙን፣ ስብሰባውን ሁሉ በኢንተርኔት ማስተላለፍ ጀመረ፤ አዲስ የገባው ኩባንያ መስመር ደግሞ ለኢንተርኔት ይረክሳል ተባለ። ዘመድ ሁሉ እርስ በርስ ለማውራት እሱን አወጣ። እኔም አወጣሁ። ስልኬ ግን አንድ ሲም ብቻ የምትይዝ አሮጌ ነበረች፤ ስለዚህ ማታ ማታ አንዱን አውጥቼ ሌላውን እከታለሁ፣ መልእክቱን አይቼ እመልሰዋለሁ። አንድ ማታ ሳልመልሰው እንቅልፍ ወሰደኝ።

በማግሥቱ ለመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ስደርስ እናቴ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ከሮቢት በመጀመሪያው መኪና ነው የመጣችው። በአንድ እግሯ የራሷን፣ በሌላው የጎረቤቷን ጫማ አድርጋለች። ተማሪዎቹ በግራና በቀኝ እያለፏት ይገባሉ።

«ቁጥሩ ዱኤ?» አለችኝ። ሞተ ወይ ማለቷ ነው።

«አልሞተም እማ። አውጥቼው ነው» ብዬ ሲሙን ከኪሴ አውጥቼ በመዳፌ ላይ አሳየኋት።

አየችው፤ እንደዚያ ትንሽ መሆኑን አታውቅም ኖሯል። «ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ይቺን ነው የምታወጣ የምትከታት?» አለች። «ብትወድቅስ?» ሁለት ሲም የሚይዘውን ስልክ የገዛሁት በዚያው ሳምንት ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ የገዛሁት ቁጥሩ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ እንዳይዘጋ ብዬ ነው።

አስፋልቱ ዳር ስልክ የምትሸጠው ሴት ድሮ ያስተማርኳት ናት። ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስታወራ ስንት ቀን ከክፍል አስወጥቻታለሁ። ያን ቀን እሷ አስተማሪ፣ እኔ ተማሪ ሆንን። ስልኩን ከፈተችና ሲሞቹን ከታ አሳየችኝ። አሮጌው ቁጥር ሲም አንድ፣ አዲሱ ሲም ሁለት። «ግን ቲቸር» አለችኝ፣ «በሲም ሁለት ሲያወሩ ሲም አንድ ይዘጋል። እንዳይረሱት።»

«አውቃለሁ። መቀበያው አንድ ስለሆነ ነው» አልኳት።

«ካወቁ ጥሩ። ዳይቨርት ይደረጋል፤ አንዱ ሲዘጋ ጥሪው ወደ ሌላው ይዞራል፣ እያወሩም ቢሆን ጢጥ ጢጥ ይልብዎታል። ላድርግልዎት? ሁለት ደቂቃ ነው።»

«ተይው፣ እኔው አደርገዋለሁ» አልኳት። ድሮ ከክፍል ያስወጣኋት ልጅ ስልኬን ስታስተካክልልኝ መቆም ከበደኝ፤ ሌላ ምክንያት የለውም። አሮጌዋን ስልኬን ተቀብላኝ በላዩ ጨመርኩና ወጣሁ። ቤት ደርሼ አላደረግኩትም፣ በማግሥቱም አላደረግኩትም። እኔ ስልክ ላይ ወሬ የማበዛ ሰው አይደለሁም፣ በሲም ሁለት ባወራ ሁለት ደቂቃ ነው እያልኩ ቆየሁ። ያልቆጠርኩት ዱዓን ነበር።

የእናቴ አጎት ከሸለቆው በላይ ተራራው ሥር ይኖራሉ። አገሩ ሁሉ አባባ ሼህ ይላቸዋል፤ የታመመ፣ የጠፋበት፣ ልጅ ያጣ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ሄዶ ዱዓ ያስደርጋል። አርጅተው መንገድ ስላቃታቸው የልጅ ልጆቻቸው በአዲሱ መስመር ስልክ አወጡላቸውና ዱዓውን በስልክ ያደርሱ ጀመር። እናቴ ለእህቴ ዱዓ እንዲያደርጉ ለምናቸው ኖሮ፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት፣ ከአስር ሰላት መልስ፣ እኔ ማረፊያ ክፍል ተቀምጬ የፈተና ወረቀት ሳርም በሲም ሁለት ደወሉ።

በእኛ አገር ሰላምታ ብቻውን ስንት ጊዜ እንደሚወስድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አካም ጅርታ፣ ነጋ ነው ወይ፣ ሰላም ነው ወይ፣ ከብቱ ነጋ ነው ወይ፣ ልጆቹ፣ ጎረቤቱ፣ ዝናቡ፤ የቦርከና ወንዝ ሞልቶ የማንን ማሽላ እንደወሰደ፣ የማንን እንደተወ። ሁሉን ተራ በተራ ጠየቁኝ፣ ሁሉን ተራ በተራ መለስኩ። ከዚያ «እጅህን ዘርጋ» አሉኝ። ስልኩን ላውድ ስፒከር ላይ አድርጌ በወረቀቶቹ ክምር ላይ አስቀመጥኩትና ሁለት እጄን ዘረጋሁ። ዱዓ በተሰማበት ሁሉ እጅ ይዘረጋል። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት አራት መምህራንም እስክሪብቶአቸውን አስቀምጠው ዘረጉ፤ አንገቱ ላይ ማዕተብ ያሰረው የታሪክ መምህሩ ሳይቀር።

አባባ ሼህ በዓረብኛ ጀምረው በኦሮምኛ ቀጠሉ፤ አማርኛም ጣልቃ ይገባል። ባሕር ላይ ላለ፣ በረሃ ላይ ላለ፣ እስር ቤት ላለ፣ በሰው ቤት ለሚገፋ ሁሉ ለመኑ። ወደ እህቴ ሲደርሱ ድምፃቸው ተለወጠ። «ረቢ ነጋን ሃ ገልቹ» ይላሉ፣ ጌታ በሰላም ያግባት ማለት ነው፤ እኛ አሚን እንላለን። እንደገና «ረቢ ነጋን ሃ ገልቹ» ይላሉ፤ እንደገና አሚን። እያለቀስኩ ነበር፤ ሰው ፊት አልቅሼ አላውቅም።

ዓይኔን ከፈት ሳደርግ የስልኩ መስታወት ላይ የሲም አንድ ምልክት ባዶ ሆና አየኋት። እንደተዘጋች አውቄያለሁ። እናቴ በሁለት የተለያየ ጫማ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማ ትዝ አለችኝ። ይህን ሁሉ በዚያች ቅጽበት አስቤዋለሁ፤ አላሰብኩትም ብዬ ልዋሽ አልፈልግም። ግን እኚያን የመሰሉ ሽማግሌ ለገዛ እህቴ እጃቸውን ዘርግተው እየለመኑ በምን አፌ «ይቆዩ አባባ፣ ልዝጋው» እላቸዋለሁ? ዱዓ አይቋረጥም። የሚያቋርጥ ሰው አላየሁም፣ ሲቋረጥም አልሰማሁም። ደግሞም ሁለት ዓመት ያልደወለች ልጅ ዛሬ በዚህች ሰዓት ትደውላለች? አልኩ። እጄን መለስ አድርጌ ዘረጋሁ።

ሃያ ደቂቃ ያህል ቆየን። በመጨረሻ አሚን ብለን ፊታችንን አበስን። «ልቤ ሞቋል፤ ኢንሻ አላህ ቅርብ ነው» አሉኝ አባባ ሼህ። አላህ ዕድሜ ይስጥዎት ብዬ ዘጋሁ። ስልኩን ከወረቀቱ ላይ ሳነሳው በእጄ ውስጥ ነዘረ። በሲም አንድ የገባ መልእክት ነው፤ ስልክዎ ዝግ በነበረበት ጊዜ ከዚህ ቁጥር ሦስት ጊዜ ተደውሎልዎታል ይላል። ቁጥሩ ረጅም ነው፣ መነሻው የሳዑዲ ነው። ሦስቱም ጥሪ የገባው በዚያች ሃያ ደቂቃ ውስጥ ነው።

ወደ ግቢው ወጣሁና ደወልኩ። ጠራ፤ አንድ ሰው በዓረብኛ አነሳው። እኔ የማውቀው ዓረብኛ የሰላት ብቻ ነው፤ የእህቴን መልክ እንዴት እነግረዋለሁ? ሰውዬው ሃሎ ሃሎ ብሎ ዘጋው። ሳዑዲ ዘጠኝ ዓመት ሠርቶ የተመለሰ ጎረቤት አለኝ፤ አሁን ባጃጅ ይነዳል። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ እንደተበተነ ትቼ መናኸሪያው ድረስ ሮጥኩ። ባጃጁ ውስጥ፣ ተሳፋሪ እየጠበቀ አገኘሁት። እዚያው ተቀምጠን ደወልን።

ሰውዬው የጭነት መኪና ሾፌር ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም። ነዳጅ ማደያ ላይ ቆሜ ሳለ አንዲት ልጅ መጥታ ስልክ ለመነችኝ አለ። ቁጥር ስጪኝ ስላት ዓይኗን ጨፍና መጀመሪያ በራሷ ቋንቋ ለብቻዋ አንጎራጎረችው፣ ከዚያ ወደ ዓረብኛ እየመለሰች ነገረችኝ አለ። በዓለም ላይ ቁጥሬን አንጎራጉሮ የሚያስታውስ ሰው አንድ ብቻ ነው። መጀመሪያ እሱ ቁጥሩን መታላት፤ ዝግ ነው። ሁለተኛ ተሳስተህ ይሆናል ብላ ተቀብላው ራሷ መታችው፤ ዝግ ነው። ጥቂት ቆየችና በሦስተኛው በጣቷ አንድ በአንድ እየቆጠረች ቀስ ብላ መታችው። ከዚያ ስልኩን መለሰችለት።

«ምን አለች በለው» አልኩት።

ጎረቤቴ ጠየቀልኝ፤ መልሱን ሰምቶ ወደ እኔ ሳይዞር መሪውን እያየ ቆየ። «ቀይረውታል አለች። ኸላስ ብላ ሄደች አለ» አለኝ። ኸላስን መተርጎም አላስፈለገውም፤ በእኛ አገርም አበቃ ማለት ነው። ከእሷ ጋር ሌሎች ሴቶች ነበሩ፣ አንድ ፒክአፕ መጥቶ ጫናቸው። ወዴት እንደሄደ ሾፌሩ አያውቅም። እንደገና ካየኋት እነግራታለሁ ብሎ ማለ። በየመንገዱ የሚያልፍ ሰው የት መልሶ ያያታል? እኔም አላመንኩትም፣ እሱም ያመነ አይመስለኝም።

ያን ቀን ማታ ዳይቨርቱን አደረግኩት። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። በማግሥቱ ደግሞ እሱንም አላመንኩትምና ከዚያችው ልጅ ሱቅ ትንሿን ስልክ ገዝቼ አሮጌውን ሲም ብቻውን ከተትኩበት። «ቲቸር፣ ያኛው አስቸገረዎት?» አለችኝ። «አይ፣ ደህና ነው» አልኳት። ስልኩ ምንም ጥፋት የለበትም፤ እሷ እንደነገረችኝ ነው የሠራው።

ለእናቴ አልነገርኳትም። ነገ እነግራታለሁ እያልኩ፣ ገበያ ስትመጣ እነግራታለሁ እያልኩ፣ ረመዳን ይለፍ እያልኩ ሰባት ወር ሄደ። ለእሷ አዝኜ ነው እያልኩ ራሴን ስደልል ነበር። ውሸት ነው፤ ፈርቼ ነው። አባባ ሼህ ልባቸው እንደሞቀ ነግረዋት ስለነበር «ዱዓው ገብቷል፣ ወላሂ ገብቷል» እያለች ስትጠብቅ አያታለሁ። ገብቶ ነበር እኮ። አሚን እያልን ሳለ ነው እህቴ የደወለችው። ይህን ሳስብ የሚበላኝን ምን ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም። ክፍል ውስጥ ስለ ሞገድ ሳስተምር ድንገት አቋርጬ ዝም የምልበት ቀን አለ፤ ተማሪዎቹ ስለለመዱት ዝም ብለው ይጠብቁኛል።

በሰባተኛው ወር የሮቢት ገበያ ቀን ወደ እናቴ ወረድኩ። በቆሎ እየፈለፈለች ነበር። ጎረቤቶቿ አንድ ነገር ሲመክሯት እንደቆዩ ከፊቷ አየሁ። ዓይኗን ከበቆሎው ሳታነሳ «ሰዎቹ ይበቃል ይላሉ» አለችኝ። «እስካሁን በሕይወት ብትኖር ድምፅ ባሰማች ይላሉ። በሌለችበት ይሰገድባት፣ ሰደቃዋም ይውጣ ይላሉ። አንተ የተማርክ ነህ፤ ምን ትላለህ?»

ከፊቷ አንድ ራስ በቆሎ አንስቼ መፈልፈል ጀመርኩ።

«አንተ እሺ ካልክ እኔ እሺ እላለሁ» አለች። «ቁጥሩንም ከዚህ ወዲያ ትዘጋው። አንተንም አደከምኩህ።»

ከዚህ ወዲያ የማልነግርበት መንገድ አልነበረኝም። በሕይወት ባለች ልጅ ላይ የሙት ሰላት ሊሰግዱባት ነው፤ በሕይወት መኖሯን ደግሞ የምናውቀው እኔና አንድ ባጃጅ ነጂ ብቻ ነን። ሁሉንም ነገርኳት። ሾፌሩን፣ ማደያውን፣ ዓይኗን ጨፍና ማንጎራጎሯን፣ ቁጥሩን ቀይረውታል ማለቷን። ኸላስ የምትለዋን ቃል ብቻ አስቀረሁ፤ አሁንም ከእኔ ጋር ናት። እናቴ በቆሎውን እንደያዘች ሰማችኝ። እየጮኸች ትነሳለች፣ ትረግመኛለች፣ ደስ ብሏት ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ አንዱንም አላደረገችም።

«መቼ ነው?» አለች።

«ሐሙስ። አባባ ሼህ ዱዓ ያደረጉ ቀን።»

«ሲያደርጉ?»

«ሲያደርጉ። እኔ እጄን ዘርግቼ።»

ውጭ በጎች ሲያልፉ ይሰማል። «ስንቴ ደወለች?» አለች በመጨረሻ።

«ሦስቴ።»

«ሦስቴ» ብላ ደገመችው። ከዚያ ወደ በቆሎዋ ተመለሰች። የሙት ሰላቱን ነገር አላነሳችውም፣ እኔም አላነሳሁት። ለአባባ ሼህ ግን ከዚያ በኋላ በስልክ ዱዓ እንዳያደርጉ መልእክት ልካላቸዋለች፤ ምክንያቱን አልነገረቻቸውም።

በማግሥቱ ሱብሒ ላይ ትንሿ ስልክ አንዴ ጠራችና ዝም አለች። የእናቴ ሚስኮል ነው፤ ዞሬ ልተኛ ስል እንደገና አንዴ ጠራች። ተነስቼ ተቀመጥኩ፤ ጥቂት ቆይታ ለሦስተኛ ጊዜ ጠራች። ሦስቱም የእናቴ ቁጥር ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው ጊዜ ረዘም ይላል፤ ቁጥሩን አንድ በአንድ ቀስ ብሎ የሚመታ ሰው የሚወስደውን ያህል ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየንጋቱ እንዲያ ነው። ሦስቴም በሩ ክፍት መሆኑን ለማወቅ ይሁን፣ ለእኔ እያስታወሰችኝ ይሁን፣ ገበያ ስትመጣ አልጠይቃትም፣ እሷም አትነግረኝም። እኔ አላነሳውም። ቁጭ ብዬ እስከ ሦስተኛው እቆጥራለሁ፤ ከዚያም አራተኛ ይኖር እንደሆነ እየጠበቅኩ ይነጋል።